በሽቦው ላይ ያሉት ሦስት ቁልፎች፦ የጆሮ ማዳመጫና ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች

“ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው” ይላል ያገራችን ሰው። ስለ ራሱ የሚወራውን ባለቤቱ ከሁሉ ኋላ ይሰማዋልና አባባሉ እውነትነት አለው። ማየት ለተሳነው ሰው ግን ጆሮ ባዳ ሳይሆን የቅርብ ዘመድ ነው። መንገድ የሚመራው፣ ወዳጅን ከእንግዳ የሚለይለት፣ መጽሐፍ የሚያነብለት እርሱ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይህ ዘመድ አንድ ትንሽ ረዳት አግኝቷል። ይኸውም በየሱቁና በየመንገድ ዳሩ የሚሸጠው፣ በሽቦው ላይ ማይክሮፎንና ሦስት ቁልፎች ያሉት የጆሮ ማዳመጫ፣ በተለምዶ “ኢርፎን” የምንለው ዕቃ ነው።

አብዛኞቻችን ይህን ዕቃ የምናውቀው የሙዚቃ መስሚያ አድርገን ነው። መምህር በክፍል ውስጥ ሲያየው ይቆጣል፤ ፈታኝ ሲያገኘው ይነጥቃል። በእኛ አስተያየት ግን መነጽር ዓይኑ ለደከመ ተማሪ የትምህርት መሣሪያ የሆነውን ያህል፣ የጆሮ ማዳመጫም ለዓይነ ስውር ተማሪ የትምህርት መሣሪያ ነው። ስለዚህም በመማሪያ ክፍል፣ በቤተ መጻሕፍትና በፈተና አዳራሽ ተገቢው ስፍራ ሊሰጠው ይገባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ማስረዳት ነው።

ጉዳዩ የጥቂቶች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በሀገራችን የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶ የሚሆነው ደግሞ የማየት ችሎታው በእጅጉ የቀነሰ መሆኑን አመልክቷል። ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ ሲሆን፣ ከክልላችን ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣው ትራኮማም ከዋነኞቹ አንዱ ነበር።

ቁልፎቹ ምን ይሠራሉ?

ማየት የተሳነው ተማሪ በስልኩ የሚገለገለው “ስክሪን ሪደር” በሚባል ፕሮግራም አማካይነት ነው። ፕሮግራሙ በመስተዋቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ይናገራል። በአፕል ስልኮች ላይ ያለው ቮይስኦቨር እና በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ያለው ቶክባክ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2009 ለስልክ ተጠቃሚዎች ቀርበዋል። ለኮምፒውተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያ መሠራት የጀመረው ኤንቪዲኤ በነፃ ይገኛል።

ስልክ በአደባባይ ጮክ ብሎ መልእክት ሲያነብ ግን ምሥጢር የሚባል ነገር አይኖርም። ከባንክ የተላከ የማረጋገጫ ቁጥር፣ ከቤተሰብ የመጣ ወሬ፣ የፈተና ውጤት፣ ሁሉም የአላፊ አግዳሚው ይሆናል። የጆሮ ማዳመጫው የመጀመሪያ ውለታ እንግዲህ ገመናን መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው ውለታ በቁልፎቹ ላይ ይገኛል። አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ የተቀዳ ትምህርት እያዳመጠ በብሬይል ማስታወሻ ይይዛል እንበል። በስሌትና ስታይለስ ሲጽፍ አንድ እጁ ስታይለሱን ይዞ ይወጋል፤ ሌላው ስሌቱን ደግፎ ቀጣዩን ቦታ ይጠብቃል። ሁለቱም እጆቹ ሥራ ላይ ናቸው። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ በለስላሳ መስተዋት ላይ “አቁም” የሚለውን ቦታ መፈለግ ከጀመረ የጻፈበት መስመር ይጠፋበታል። በሽቦው ላይ ያለው መካከለኛ ቁልፍ ግን ከአገጩ በታች፣ ከደረቱ አጠገብ ነው። አንድ ጊዜ ሲጫነው ንግግሩ ይቆማል፤ እንደገና ሲጫነው ይቀጥላል። በብዙ ስልኮች ሁለት ጊዜ መጫን ወደሚቀጥለው ያሳልፋል፤ ተጭኖ መቆየት ደግሞ በቃል ትእዛዝ የሚቀበለውን ረዳት ይጠራል። ስልክ ሲደወልም መካከለኛውን ቁልፍ ተጭኖ፣ ነጭ በትሩን ሳይለቅ፣ በማይክሮፎኑ ይነጋገራል፤ ስልኩም ከኪሱ ወጥቶ ለቀማኛ አይጋለጥም።

መስተዋት ለጣት ሁሉም ቦታው አንድ ነው። ቁልፍ ግን በጣት ይታወቃል። መካከለኛው አብዛኛውን ጊዜ ጎድጎድ ወይም ወጣ ያለ ሲሆን ከላይና ከታቹ ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው አሉ። ሦስቱ የማይለዩ ሆነው ከተሠሩም መካከለኛው ላይ አንዲት የማጣበቂያ ጠብታ ማድረቅ ወይም ከአጠገቡ ክር ቋጥሮ ማሰር ይበቃል።

ከሽቦው በስተጀርባ ያለው ፊዚክስ

ለመሆኑ ሦስት ቁልፎች በአንዲት ቀጭን ሽቦ ከስልኩ ጋር የሚነጋገሩት እንዴት ነው? የጆሮ ማዳመጫውን መሰኪያ ስትመለከቱ ወይም በጣታችሁ ስትዳስሱ ሦስት የፕላስቲክ ቀለበቶች አራት የብረት ክፍሎችን ሲለያዩ ታገኛላችሁ። አንዱ ለግራ ጆሮ፣ አንዱ ለቀኝ ጆሮ፣ አንዱ ለሁለቱም የጋራ መመለሻ፣ አንዱም ለማይክሮፎኑ ነው። ለቁልፎቹ የተመደበ ሽቦ የለም፤ የማይክሮፎኑን ሽቦ ይዋሳሉ።

ማይክሮፎኑ “ኤሌክትሬት” ከሚባለው ዓይነት ነው። የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ በጌርሃርድ ሴስለርና በጥቁር አሜሪካዊው በጄምስ ዌስት ነው። ለመሥራት ጥቂት ቮልቴጅ ስለሚያስፈልገው ስልኩ በአንድ ሬዚስተር በኩል ይልክለታል። ቮልቴጁ 2.2 ቮልት፣ ሬዚስተሩም 2,200 ኦም ነው እንበል። መካከለኛው ቁልፍ ሲጫን የማይክሮፎኑን ሽቦ በቀጥታ ከጋራ መመለሻው ጋር ያገናኘዋል፤ ቮልቴጁም ወደ ዜሮ ይወርዳል። በአንድሮይድ ስልኮች መለኪያ መሠረት ድምፅ መጨመሪያው በ240 ኦም፣ መቀነሻው በ470 ኦም ሬዚስተር በኩል ያገናኛል። በሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁትን የኦም ሕግ ተጠቀሙ። 2.2 ቮልትን በ240 አባዝታችሁ ለ2,440 ብታካፍሉት 0.22 ቮልት ገደማ ይሰጣችኋል። በ470 አባዝታችሁ ለ2,670 ብታካፍሉት ደግሞ 0.39 ቮልት ገደማ ታገኛላችሁ። የማይክሮፎኑ ድርሻ አነስተኛ ስለሆነ ለጊዜው ትተነዋል። ስልኩ የሚያደርገው እንግዲህ ቮልቴጁን ለክቶ የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ማወቅ ነው።

ይህን ማወቅ ለገበያም ይጠቅማል። የመመለሻውና የማይክሮፎኑ ቦታ የተቀያየረባቸው ሁለት የመሰኪያ ሥርዓቶች ስላሉ፣ ስልኩ በአንዱ፣ ማዳመጫው በሌላው ከተሠራ ድምፁ ይሟሽሻል፤ ቁልፎቹም አይታዘዙም። አፕልም ለድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው የራሱን የተለየ ዘዴ ስለሚጠቀም የአንዱ ማዳመጫ በሌላው ስልክ ላይ መካከለኛ ቁልፉ ብቻ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሦስቱንም ቁልፎች በራሱ ስልክ ይሞክር።

“ዘመናዊው ሽቦ አልባ ነው፤ ለምን በሽቦ እንታሰራለን?” የሚል ይኖራል። እርግጥ አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 የማዳመጫ መሰኪያውን ከስልኩ ላይ አንሥቷል፤ ሌሎችም ተከትለውታል። ነገር ግን የብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን ጠቅልሎ ልኮ እስኪፈታው ድረስ ከአንድ እስከ ሁለት አስረኛ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘገያል። ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው ይህ ምንም አይደለም። በስክሪን ሪደር የሚሠራ ሰው ግን በእያንዳንዱ የጣት እንቅስቃሴ መልሱን ይጠብቃል። በአንድ የጥናት ሰዓት 500 ጊዜ ጣቱን ቢያንቀሳቅስና በየጊዜው 0.2 ሰከንድ ቢጠብቅ 100 ሰከንድ ሙሉ በዝምታ አሳለፈ ማለት ነው። ከጊዜውም በላይ የሐሳቡ መቆራረጥ ይጎዳዋል። ብዙዎቹ ሽቦ አልባ ማዳመጫዎች በቁልፍ ፈንታ በንክኪ የሚሠሩ በመሆናቸው ጆሮን ማስተካከል ብቻ ስልክ ሊዘጋ ይችላል። መብራት በሚጠፋበት ቀን ባትሪ የማይፈልገው ባለሽቦ ማዳመጫ የበለጠ የታመነ ነው።

ወደ ቁስቋም በአንድ ጆሮ

ይህን ሁሉ ስንል ማዳመጫው ጉዳት የለውም ማለታችን አይደለም። ከመሀል ጎንደር ወደ ቁስቋም ዳገት ለሚወጣ ዓይነ ስውር ሰው መንገዱ የድምፅ ካርታ ነው። ባጃጁ ከየት እንደሚመጣ የሚለየው አንዱ ጆሮው ድምፁን ከሌላው ቀድሞ ስለሚሰማ ነው። ድምፅ በትክክል ከጎን ሲመጣ በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ቢበዛ 0.7 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ነው፤ አንጎል ግን ከዚህም እጅግ ያነሰውን ይለያል። ድምፅ የሚመጣበትን አቅጣጫ በዚህና በሁለቱ ጆሮዎች የድምፅ መጠን ልዩነት እንደምናውቅ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1907 አስረድቶ ነበር።

ሌላም አለ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሠሩት በደብረ ፀሐይ ቁስቋም የድንጋይ ቅጥር ሥር የሚሄድ ሰው በበትሩ መሬቱን ሲነካ ድምፁ ከግንቡ ተመልሶ ይመጣለታል። ግንቡ በ2 ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ ድምፁ 4 ሜትር ተጉዞ ለመመለስ 12 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ይህ ለብቻው እንደ ገደል ማሚቶ ተለይቶ የሚሰማ አይደለም፤ የድምፁን ቃና ግን ይለውጠዋል። ግንቡ ሲያበቃ ወይም በር ሲከፈት ቃናው ይቀየራል፤ የለመደ ጆሮም “እዚህ በር አለ” ይላል።

ሁለቱንም ጆሮ የደፈነ ሰው ይህን ካርታ ያጣል። ስለዚህ በመንገድ ላይ ማዳመጫው በአንድ ጆሮ ብቻ ይሁን፤ ስልኩም የግራና የቀኙን ድምፅ አንድ ላይ ቀላቅሎ እንዲያወጣ ይስተካከል። ሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። እነርሱ በዝግታ ሲሄዱ ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ደንብ እንዲህ ያሉ መኪኖች በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዲያሰሙ የሚያዘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የድምፁ መጠንም ሊታሰብበት ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። በ90 ዴሲቤል ግን የሚፈቀደው ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል፤ 10 ዴሲቤል ሲጨመር የድምፁ ኃይል በ10 እጥፍ ያድጋልና። ማየት ለተሳነው ሰው ጆሮን መጉዳት ሁለተኛውን ዓይን እንደ ማጥፋት ይቆጠራል።

የሚነበብ ነገር ከሌለ ማዳመጫ ምን ይሠራል?

እዚህ ላይ ወቀሳው ወደ እኛ ወደ መምህራኑ ይዞራል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ገብቷል። ዛሬም ድረስ ግን ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ የአማርኛ መማሪያዎች ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ። ለሚያይ ተማሪ ጽሑፉ ደኅና አማርኛ ይመስላል፤ ስክሪን ሪደሩ ግን የሚያገኘው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ነው። በፎቶ ተነሥቶ የተላከ ማስታወሻ ደግሞ ለፕሮግራሙ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ተማሪው ቁልፉን ይጫናል፤ የሚሰማው ግን ዝምታ ነው።

የአማርኛ ንባብ የራሱ ችግርም አለበት። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። “ገና” የሚለው ቃል በዓሉ ነው ወይስ “እስካሁን” ማለት? “ዋና” ውኃ ላይ የሚዋኙት ነው ወይስ ቁም ነገሩ? አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። ነፃ የሆነው ኢስፒክ አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ ግን የብረት ነው። በማይክሮሶፍት የተዘጋጁት አመሐና መቅደስ የተባሉት የአማርኛ ድምፆች ለሰው ንግግር ይበልጥ ይቀርባሉ። ይህን የጥብቀት ጉዳይ መፍታት የቋንቋና የኮምፒውተር ተማሪዎች አብረው ሊይዙት የሚገባ የመመረቂያ ሥራ ነው እንላለን።

ፈተናና ጥርጣሬ

“ማዳመጫ ከፈቀድን ኩረጃ ይነግሣል” የሚለው ስጋት መሠረት የለውም አንልም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ የተደረገው ኩረጃን ለመከላከል ነበር። ሆኖም መፍትሔው መከልከል ብቻ አይደለም። ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተርና ማይክሮፎን የሌለው ባለሦስት ክፍል መሰኪያ ማዳመጫ በተቋሙ በኩል ቢቀርብ ከውጭ የሚመጣ ድምፅ የሚገባበት ቀዳዳ አይኖርም። መቆጣጠሪያውም የኮምፒውተሩ የመጻፊያ ሰሌዳ ይሆናል።

ለዓይነ ስውር ተፈታኝ አንባቢ መመደብ የቆየ ልማድ ነው፤ አንባቢዎቹም ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን አንባቢ ሰው ነውና ይደክማል፤ ቀመር ሲያጋጥመው ይደናገራል። ተማሪውም አንዱን ጥያቄ ለአምስተኛ ጊዜ እንዲደገምለት መጠየቅ ያሳፍረዋል። ማሽኑ ግን “ደግሞ?” ብሎ አይቆጣም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ለተማሪው ሁኔታ የተመቻቸ አሠራር ማዘጋጀትን ግዴታ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የተቀበለችው የማራካሽ ስምምነት ደግሞ መጻሕፍት ማየት ለተሳናቸው በሚመች ቅርጽ እንዲዘጋጁ የሕግ በር ይከፍታል። ሕጉ ካለ የቀረው ፈቃዳችን ነው።

ፊዚክስን በጆሮ

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ሌላ ነው። በሀገራችን ዓይነ ስውር ተማሪዎች ከሒሳብና ከተፈጥሮ ሳይንስ ርቀው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲወሰኑ የሚያደርግ ልማድ ለብዙ ዘመን ጸንቶ ቆይቷል። ከመካከላቸው ታላላቅ የሕግና የቋንቋ ምሁራን ወጥተዋል፤ ክብር ለእነርሱ ይሁን። ይሁንና ፊዚክስ የዓይን ሙያ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ከልደቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆነው ኬንት ከለርስ በአሜሪካ በፊዚክስ ዶክትሬቱን ይዞ ከህዋ የሚመጡ የሬዲዮ ምልክቶችን ሲመረምር ኖሯል። በተማሪነቷ ዓይኗን ያጣችው የፖርቶ ሪኮዋ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዋንዳ ዲያዝ መርሴድ የከዋክብትን መረጃ ወደ ድምፅ እየለወጠች በማዳመጥ ታጠናለች፤ በደቡብ አፍሪካም ሠርታለች። ዘዴው ቀላል ነው። የግራፉ ከፍታ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲቀንስ ይወፍራል። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ጉዞ ቀጥኖ ቀጥኖ መልሶ የሚወፍር ድምፅ ሆኖ ይሰማል።

ጎንደር በጆሮ የመማርን ጥበብ ከማንም አትበደርም። ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ ብዕር አይዝም፤ ቤቱን የሚያሟላው በልቡ ነው። በጎንደር በዓታ አቋቋም የሚያስመሰክር ሊቅ ዜማውን ከጽናጽሉና ከከበሮው ምት ጋር የሚያዋሕደው በጆሮው ነው። በአብነት ትምህርት ቤቶች ዓይነ ስውራን በቃል ትምህርት ጸንተው ለመምህርነት ሲበቁ ያየ ማኅበረሰብ፣ የኒውተንን ሕግ በጆሮ መማር አይቻልም ቢል ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ2017 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ የጀመረው የትምህርት ዕድል ለአካል ጉዳተኞች ትኩረት መስጠቱም በሩ ሊከፈት እንደሚችል ያሳያል።

ከማዳመጫው ማይክሮፎን እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2016 በጀርመኑ የአኽን ዩኒቨርሲቲ የቀረበው ፋይፎክስ የተባለ ነፃ የስልክ ፕሮግራም በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ጊዜ ይለካል። አንድ ኳስ ከ1.25 ሜትር ከፍታ ሲለቀቅ “አሁን” ብሎ ማጨብጨብ፣ መሬት ሲመታም መስማት ነው፤ ጊዜው ወደ ግማሽ ሰከንድ ይጠጋል። ከዚህ ቁጥር የመሬት ስበት ፍጥነት ለውጥ ይሰላል። በዚህ ሙከራ ዓይናማውና ዓይነ ስውሩ እኩል ናቸው፤ የሚለካው ድምፅ ነውና።

በመጨረሻም ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። መምህራን የምንሰጠውን ማስታወሻ በዩኒኮድ በተጻፈ ጽሑፍ፣ ቀመሮችንም በሥዕል ሳይሆን በቃል ሊነበቡ በሚችሉበት መንገድ እናዘጋጅ። የትምህርት ተቋማት የጆሮ ማዳመጫን ከተከለከሉ ዕቃዎች ዝርዝር አውጥተው ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች በመሣሪያነት ይመዝግቡት፤ ለፈተናም የራሳቸውን ያቅርቡ። የፊዚክስና የኤሌክትሪክ ተማሪዎች ደግሞ የተበጠሰ ማዳመጫ አትጣሉ። ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው ከመሰኪያው አጠገብ ያለው ሽቦ ነው፤ ካዊያና ጥቂት ቆርቆሮ ይበቃዋል። አራቱን ሽቦዎች ለይታችሁ መልሳችሁ ስትበይዱት የኦም ሕግን በእጃችሁ ተማራችሁ፤ ለአንድ ጓደኛችሁም መጽሐፉን መለሳችሁለት። ከዚህ ወዲያ ለዚህ ጉዳይ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ለሳይንስ ሰው አይገባም።